የግራ መንጋጋ

ጥርስ ሕክምና ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «አይዞን» ነው የሚላት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ የተጋደመውን ሁሉ «አይዞን፣ አይዞን» ስትል ኖራ፣ ቃሉ ዞሮ እሷው ላይ ተለጠፈ። ታካሚዎችም በሩ ላይ ቆመው «አይዞን ገብታለች?» ብለው ይጠይቃሉ። አልገባችም ከተባሉ ቀጠሯቸውን ወደ ነገ የሚያዛውሩ አሉ።

ሥራዋ ላየው ሰው ቀላል ነው። ከሐኪሟ ማዶ ቆማ በአንድ እጇ ምራቅ መምጠጫውን ትይዛለች፣ በሌላው የሚፈለገውን ዕቃ ሳትጠየቅ ታቀብላለች። ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ ያለችው ትንሽ ጊዜ ግን የእሷ ብቻ ናት። በጠቋሚ ጣቷ የሰውየውን ከንፈር መታ መታ ታደርጋለች። አትጠይቅም። ከጠየቀቻቸው ይዋሻሉ። ቸኳዩ ገና መርፌው ሳይወጣ «ደንዝዟል፣ ቶሎ ጨርሱልኝ» ይላል፤ ፈሪው ደግሞ ለሃጩ በአገጩ እየወረደ «ኧረ ምንም አልያዘኝም» ብሎ ይገዘታል። እሷ የምታየው ዐይናቸውን ነው። ከንፈሩ ሲነካ ዐይኑ ካልሸሸ፣ ለሐኪሟ ራሷን ትነቀንቅላታለች።

«አንቺ፣ መርፌው ረጅም ነው አጭር?» አላት በቀደም አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የወንበሩን ክንድ እንደ መሪ ጨምድዶ።

«ዐይንህን ከጨፈንክ አጭር ነው።»

«ከገለጥኩስ?»

«ከገለጥክማ እኔን ነው የምታየው።»

«እሱም አይከፋም!» ብሎ በሳቅ አፉን ሲከፍት ሐኪሟ ወጋችው።

ሰውን እንዲህ ታስቃለች እንጂ እሷ ከሳቀች ሰባት ወር አልፏታል። አላለቀሰችምም። ጠዋት ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጭ ካፖርቷን ትለብሳለች፤ ቀኑ ያልቃል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር። ጥርስ የማያስከድን ጨዋታ የሚያውቅ፣ ነገር ግን የራሱን ጥርስ የማያከብር ሰው። ክር በጥርሱ ነበር የሚበጥሰው። «መቀሱ እኮ እጅህ ሥር ነው» ስትለው፣ «መቀስ ይጠፋል፣ ጥርሴ ግን ሁልጊዜ አፌ ውስጥ ነው» ይላታል። ከጊዜ ብዛት ክሩ በፊት ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ቦይ አበጀ። ከዚያ ድዱ መድማት ጀመረ። «ናና የጥርስህ ድንጋይ ይጠረግልህ፣ ድድህ እየሸሸ ነው» እያለች ብትለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኋላ የላይ ጥርሶቹ አንድ በአንድ እየተነቃነቁ ወጡና ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት።

ያን ቀን ለማንኛውም ታካሚ የምትሰጠውን ምክር ለእሱም ሰጠችው። «ከምግብ በኋላ እጠበው። ማታ ስትተኛ አውልቀው፣ ድድህ ይረፍ። ውኃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከደረቀ ይጣመማል።» ባሏ በሕይወቱ አንድም የሐኪም ቤት ትእዛዝ አክብሮ አያውቅም፤ ይችን ብቻ አከበረ። ማታ ማታ ጥርሱን አልጋው አጠገብ ባለችው ብርጭቆ ውስጥ እያኖረ፣ በባዶ ድዱ አንድ ነገር ተናግሮ ያስቃትና ይተኛል።

አንድ ቀን እንደተኛ አልነሳም። ጎህ ሲቀድ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሌሎች አጠቡት፣ ሌሎች ገነዙት፣ ሌሎች ተሸከሙት። እሷ ተቀመጭ ባሏት ቦታ ተቀመጠች። ብርጭቆዋን ያየቻት በሦስተኛው ቀን የባሏ እህት ናት።

«ወንድሜን ያለ ጥርሱ ሰደድሽው?» አለች፣ ብርጭቆዋን እንዳንጠለጠለች። «የጥርስ ቤት ሰው ሆነሽ! አገሩ ሁሉ አፉን በጥርስ ያውቀው ነበር፣ አንቺ እንደ ሕፃን ድዱን ይዞ እንዲሄድ አደረግሽው?»

አይዞን ብርጭቆዋን ተቀብላ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእህትየዋ ጥርስ ውስጥ ገባች። እህትየዋ ግን ቂሟንም ይዛ ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን አልተወችም፤ በሳህን የሆነ ነገር ይዛ ትመጣለች፣ ተቀምጣ ታያታለች፣ ትሄዳለች።

አይዞንም የብርጭቆዋን ውኃ ጠዋትና ማታ መለወጧን አልተወችም። ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም። ከደረቀ ይጣመማል፤ ይኸው ነው።

የግራ መንጋጋዋ መታመም የጀመረው በዚያው ወር ነበር። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው፣ ቀጥሎ ጣፋጭ፣ ኋላም ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠዘጥዛት ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ማስታገሻ ይውጥ ነበር፣ ወይም ጉንጩን ይዞ ሐኪም ቤት ይሮጥ ነበር። እሷ ግን እጇ ያውቃል። ዕቃ መቀቀያው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ በትንሿ መስታወት እያየች የተበላውን ቦታ በጥጥ ጠረገች፣ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ ከታካሚ የተረፈ ጊዜያዊ ሙሊት አድቦልቡላ ደፈነችው። ሙሊቱ ሲረግፍ እንደገና ደፈነችው። እንዲህ እያለች ብዙ ሳምንት ከረመች። አንድ ጠዋት ተነስታ በምላሷ ብትዳስሰው ሕመሙ የለም።

«ዳነ» አለች ለራሷ።

በዚያው ቀን ጉንጩ ያበጠ አንድ መምህር ወንበሩ ላይ ነበር። «ባለፈው ወር አሞኝ ነበር፣ በራሱ ተወኝ እኮ» ሲላቸው፣ አይዞን ከሐኪሟ ቀድማ «ሕመሙ ተወህ ማለት ዳንክ ማለት አይደለም። ነርቩ ሲሞት አያምም። መግሉ ግን ከሥር ሥራውን ይሠራል» ብላ አስረዳችው። አስረድታም መምጠጫውን አነሳች። የራሷ ጥርስ ትዝ አላላትም።

ያወቀችባት ሐኪሟ ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመት የሆናት ወጣት። ምሳ እየበሉ ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ በግራ ማኘክ ትተዋል።»

«በቀኝ ይጣፍጠኛል።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

«ምሳሽን ብዪ ዶክተርዬ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

«ይቀዝቅዝ!»

ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻትና መብራቱን አበራች። ከመንጋጋው ሥር ድዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እባጭ ነበረች። ሐኪሟ በጥጥ ጫን ስታደርጋት መግል ወጣ። ከዚያ ጥርሱ ላይ ያለውን ሙሊት እያገላበጠች አየችው።

«የማን እጅ ነው ይሄ?»

«የእኔ።»

«በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» አለች ሐኪሟ፣ በንዴት ፊቷ እየቀላ። «ስንት ወር ነው እንዲህ ሲያሽሞነሙኑት የከረሙት? እኔ እዚሁ ቆሜ?»

ራጅ ተነሳች። ከመንጋጋው ሁለት ሥሮች በፊተኛው ጫፍ ላይ እንደ ቀለም ጠብታ የጠቆረ ቦታ አለ። ሐኪሟ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው፤ ቀጥላም የማይደበቀውን ነገረቻት። ሥሩ ተከፍቶ ከጸዳ፣ የነርቩ ቦዮች ከተሞሉና ሽፋን ከተደረገለት ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። አጥንቱ ከታሰበው በላይ ተበልቶ ከሆነ ግን ይነቀላል።

«ከተነቀለ ደግሞ» አለች ሐኪሟ፣ «ከኋላው ያሉትን ሁለቱን ድሮ ስላስነቀሏቸው የሚደግፍ ጥርስ የለም። ማታ የሚወልቀውን ዓይነት ነው የምንሠራልዎ። ያውቁታል።»

አይዞን ታውቀዋለች። ስንቱን ሰው አውልቆ ማጠብ አስተምራለች።

«ሁለተኛ ብርጭቆ አልጋዬ አጠገብ አላስቀምጥም» አለች።

«የምን ብርጭቆ?»

«ምንም። መቼ ትከፍቺዋለሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ፣ በአይዞን ቦታ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መምጠጫውን ይዛ ቆመች። እድሜ ልኳን ካርድ ስታወጣ የኖረች ሴት ናትና የያዘችው እንደ እስክሪብቶ ነው።

«እኔስ ምን ልበልሽ? አይዞን፣ አይዞን ልበልሽ?»

«እሱን ተዪና መምጠጫውን ምላሴ ላይ አትለጥፊው።»

ሐኪሟ መርፌውን ስታነሳ አይዞን እጇን አወዛወዘች። «ማደንዘዣውን ተዪው። በበረዶ ነክተሽው አልተሰማኝም፣ በብረት መትተሽው አልተሰማኝም። ሞቷል። ለሞተ ነገር መርፌ ምን ያደርጋል?»

«ለማንኛውም ብወጋዎት ይሻላል።»

«ተዪው አልኩሽ እኮ።»

ሐኪሟ ከእሷ ጋር መሟገቱን አልቻለችበትም። ጥርሱን ሰርስራ ከፈተችው። ሽታ ወጣ፤ አይዞን የምታውቀው ሽታ ነው፣ የብዙ ሰው ነበር፣ ዛሬ የእሷ ሆነ። የታችኛው መንጋጋ ሦስት ቦይ አለው፣ ሁለቱ በፊተኛው ሥር፣ አንዱ በኋለኛው። ሐኪሟ ቀጭኗን የቦይ መጥረጊያ ሞረድ በፊተኛው ሥር በመጀመሪያው ቦይ አስገባች፤ ምንም። በሁለተኛው አስገባች፤ ምንም። አይዞን ጣሪያው ላይ ያለውን የውኃ ጠባሳ እያየች ነበር። ለካ የተጋደመ ሰው የሚያየው ይሄን ነው፣ ቀለም ሊቀባ ይገባው ነበር ብላ አሰበች።

ሞረዷ ወደ ኋለኛው ሥር ገባች።

የጮኸችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው። ግራ እጇ በራሱ ተነስቷል፤ «ሲያማችሁ ግራ እጃችሁን አንሡ» እያለች ለዓመታት ሰውን ያስተማረችው እጅ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መምጠጫውን ጥላ «ውይ በሞትኩት!» አለች።

«ሕያው ነው!» አለች ሐኪሟ። «የኋላው ሥር አልሞተም። ይቅርታ እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ነኝ እርስዎን መስማት ያልነበረብኝ። አሁን እወጋዎታለሁ፣ አሁን።»

መርፌው ሲመጣ አይዞን የሐኪሟን እጅ አንጓው ላይ ያዘችው።

«ቆዪ።»

«ያመዎታል እኮ!»

«አውቃለሁ። ትንሽ ቆዪልኝ።»

ሕመሙ ከመንጋጋዋ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ አናቷ ይመላለሳል። ስለ ባሏ አላሰበችም። ስለ ምንም አላሰበችም። አመማት፣ በቃ። እንባዋ በጉንጯ ሳይሆን በጎን ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ተጋድሞ የሚያለቅስ ሰው እንባው ጆሮው ውስጥ እንደሚገባ አታውቅም ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጉንጫቸውን ብቻ ስትጠርግ ኖራለች።

«አሁን ውጊኝ» አለች።

ሐኪሟ ወጋቻት። ቆየት ብላ በጠቋሚ ጣቷ ከንፈሯን መታ መታ አደረገቻት። «ደንዝዟል» አለች አይዞን፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሐኪሟ ግን ዐይኗን ነበር የምታየው።

ሥራው ሲያልቅ ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «አጥንቱ እንደፈራሁት አይደለም። መግሉን አውጥቼ መድኃኒት አድርጌበታለሁ። ሁለት ቀጠሮ ይቀረናል፣ ከዚያ ሽፋን። ጥርስዎ አይነቀልም። ሙሊቱን ደግሞ» አለችና ጣቷን ቀሰረችባት፣ «እንዳይነኩት። መስታወቷን ወስጃታለሁ።»

ቤት ስትደርስ የባሏ እህት ሾርባ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከፍታ አስገባቻት። እህትየዋ ሾርባውን ቀድታ ሰጠቻት።

«ብዪ እንጂ።»

«አልችልም እታለም። ማደንዘዣው እስኪለቀኝ መብላት ክልክል ነው፣ ጉንጬን እነክሰዋለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትኮላተፊው?»

«ጥርሴን ታክሜ።»

«ነቀሉሽ?»

«አልተነቀለም። ተረፈ።»

እህትየዋ ዐይኗን ወደ ብርጭቆዋ ወረወረች፤ ቅዳሜ ሁሉ የምታደርገው ነው። አይዞን የማትታዘዛትን ከንፈሯን በእጇ ይዛ ተናገረች።

«ማታ ማታ አውልቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ አልነገርኩሽም። እኔ ባልለው ኖሮ አፉ ውስጥ ነበር።»



«አውቃለሁ» አለች እህትየዋ። «ነግሮኝ ነበር። ‹ሚስቴ በየማታው ጥርሴን ቀምታ ታስተኛኛለች፣ እንዳልነክሳት ፈርታ ነው› ይል ነበር። አውቃለሁ። ግን ያን ቀን የምቆጣው አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

አይዞን ልትስቅ ነበር፤ ግማሽ ፊቷ አልታዘዛትም።

«አሁንስ ውኃውን ለምን ትለውጪያለሽ?»

«ከደረቀ ይጣመማል።»

«ቢጣመምስ? ማን ሊያደርገው?»

  እህትየዋ መልሷን ሳትጠብቅ ተነስታ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውኃው ሲደፋ ተሰማ። ጥርሱ በብርጭቆዋ ግድግዳ ኳ ሲል ተሰማ። እንደገና ሲሞላ ተሰማ። ይዛ ተመለሰችና በቦታዋ አስቀመጠቻት፤ በቀሚሷ ጫፍ የብርጭቆዋን ውጪ ጠረገች።

አይዞን ጠቋሚ ጣቷን አንሥታ ከንፈሯን መታ መታ አደረገች።

«ለቀቀሽ?»

«ገና ነው።»

እህትየዋ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ሳህን ከደነችበትና ተቀመጠች።