ቢጫዋ መብራትና የጎጆ ከተማ ዳገት

ባለፈው ሳምንት ከባኮ ወጣ እንዳልኩ የመኪናዬ የሞተር መብራት በራች። ዳር ይዤ ቆምኩና ስካነሩን ሰክቼ አነበብኩ፤ የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላልቶ ኖሯል። አጥብቄው መንገዴን መቀጠል እችል ነበር። ግን መንገዱ አጠገብ ባለ የበቆሎ ማሳ ዳር ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ አምቦ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ክረምት ነበር። ነፍሰ ጡር እህቴን ጫልቱን ልጠይቅ ካቺሲ በሄድኩበት ምጧ ያለቀኑ መጣ፤ ደምም ይፈሳት ጀመር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ከአቅሟ በላይ መሆኑን ነግራን በአስቸኳይ ወደ አምቦ ሆስፒታል ውሰዷት አለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የጫልቱ ባል ቶሎሳ የአጎቱን የቤት መኪና ለምኖ አመጣ። እሱ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ጫልቱ ከኋላ አዋላጇን ተደግፋ ተጋደመች።

መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው። ቶሎሳ ፍጥነት ሳይቀንስ ገባበትና ውሃው ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን መታው። ተሻገርን። ወደ ጎጆ ከተማ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር፣ ጉሙ መሃል፣ መኪናው ይንፈራገጥ ጀመር። ቢጫዋ መብራት በራች፤ ወዲያው ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ያዘች።

ሞተሩ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የሚሰማቸውን ሁሉ ለአንድ ኮምፒውተር ይነግሩታል፤ እሱም ያላማረው ነገር ሲገጥመው የብልሽቱን መለያ ይመዘግብና መብራቷን ያበራል። ረግታ ከበራች ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነዳጅ ከሚቃጠልባቸው ሲሊንደሮች አንዱ እሳት እየሳተ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና እዚያ እየነደደ የጭስ ማጣሪያውን አቅልጦ ይደፍነዋል። ጭስ መውጫው የተደፈነ መኪና ደግሞ ዳገት አይወጣም። ይህን አውቃለሁ። የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ የሚነግረኝ ስካነር ግን አምቦ ነው ያለው።

«ቶሎሳ፣ አቁም» አልኩት። እንዳልሰማ ሆነ። ደገምኩለት።

«እህትህ እየሞተች አቁም ትለኛለህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«አሁን ካላቆምክ ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ አንደርስም።»

አቆመ። በዝናቡ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ኮይሎች ሶኬት ተራ በተራ ነቀልኩ። የደህናው ሲነቀል ሞተሩ ይብሱን ይንገዳገዳል፤ የታመመው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። ሦስተኛው ላይ ለውጥ አጣሁ። ሞተሩን አስጠፍቼ ኮይሉን ሳወጣ የካንዴላው ጉድጓድ ውሃ ይዟል። ቶሎሳ ሸሚዙን አውልቆ ሰጠኝ። የጋለው ሞተር ጣቴን እየላጠው ጉድጓዱን በሸሚዙ አደረቅሁት። አዋላጇ «ጀባዱ፣ በርቺ፣ አይዞሽ» ስትላት፣ ጫልቱም ስታቃስት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ማቃሰቱ ቀረ። ዘወር ብዬ ለማየት አቅም አጣሁ።

ኮይሉን መልሼ ገጠምኩ፤ ሲነሳ ሞተሩ ረጋ። መብራቷ ግን አልጠፋችም፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ብልሽት መወገዱን ደጋግሞ ካላረጋገጠ አያጠፋትም። ብልጭ ባትልም ዓይኔን ከላይዋ መንቀል አልቻልኩም። ጎጆ ስንገባ ሻጭ ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች ይዘው ወደ መስኮታችን መጡ፤ ቶሎሳ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው።

አምቦ ደረስን። ጫልቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ዳገቱ ላይ በመቆማችን ይሆን ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ማወቅ አይቻልም አለኝ። ቶሎሳ ስለዚያ ዳገት አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ በተሻለኝ ነበር።

ማሳው ዳር እንደተቀመጥኩ ለጫልቱ ደወልኩ። አሁን አምቦ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ያን ቀን አንስተን አናውቅም ነበር። እንደምንም ብዬ ስለ መብራቷ፣ ስለ መቆማችን፣ ያቆምኩት እኔ ስለመሆኔ ነገርኳት።

«እኔ መብራት አላየሁም» አለችኝ። «ልጁ መንቀሳቀስ ያቆመው ወንዙ ጋ ሳንደርስ ነው፣ ወንድሜ። እናት ይሄ አይጠፋትም። ብነግራችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም መኪናዬን ማስነሳት አቃተኝ። እኔ እነዚያን ዓመታት ሁሉ «ማወቅ አይቻልም» በሚለው ቃል ስብሰለሰል፣ እሷ ታውቅ ነበር። ያን ዳገት እያወቀች ነው የወጣችው፤ ከመሃላችን አንዳችን እንኳ ዞር ብለን ሳንጠይቃት።