ሽማግሌ ልኮ ቤቱ መቀመጥ ያቃተው ተዋናይ

አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ያለቅስ ነበር ይላሉ። ይሁና። እኔ የማውቀው በስደት በምንኖርበት ኢስትሊ ሰፈር፣ ከኛ ፎቅ ሥር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ከደርግ እንዴት እንዳመለጠ ሲያወራ ነው። ሰኞ ሞያሌን በእግሩ ያቋርጣል፤ ሐሙስ በከብት መኪና። አክስቴ ሁለቱንም አመነችለት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት። ከጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ጋር ተከራክራ የምትረታ ሴት፣ እሱ ፊት ስትደርስ ቅቤ ትሆናለች። እሷን ይዞብኝ ሊሄድ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። በወጉ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል። ስለሱ እየተወራ እሱ የሌለበት ቦታ ግን እንዴት ይሁን? ከአክስቴ ጋር ከተደበቅሁበት መጋረጃ ኋላ፣ በበሩ ሥር የነጭ ጫማው ጫፍ ታየኝ። ደረጃው ላይ ቆሞ ያዳምጣል! ለአክስቴ አልነገርኳትም። እንዲህ ያለ ትርኢት ይበላሻል እንዴ?

አባቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ ሰውየው ሚስት ነበረችው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንደኛው፣ አስጠንቶት ነው መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንዲት እንደነበረችውና ትታው እንደሄደች በሐዘን ተናገረ።

በሩ ተከፈተ።

«ማን ናት የተወችኝ? ሦስቱንም የተውኳቸው እኔ ነኝ» አለ ተዋናዩ፣ በዚያ በታወቀ ድምፁ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። እሱ ግን አንዴ ወጥቷል፣ ማን ይመልሰዋል? ሦስተኛዋ ሕፃኗን አዝላ አውቶቡስ ተራ ድረስ እያለቀሰች እንደሸኘችው፣ የሷንም የሱንም ድምፅ እያወጣ ተወነልን። አባቴ በጠቅላላው ስንት ልጆች እንዳሉት ሲጠይቀው በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

ዞር ብዬ ሳይ አክስቴ ታለቅሳለች። አለቀልኝ አልኩ። ሰውየው እኮ ይችልበታል!

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች።

«የሕፃኑ ስም ማነው?»

ክርስትና ሳይነሣ ነው የወጣሁት አላት፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ።

«ታዲያ አራስ ናት አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘችዎት?»

አራስ ከቤት እንደማትወጣ እኔም አውቃለሁ። ሸኚ አልነበረም፤ ሳይሰናበታት ነው የወጣው።

አክስቴ ወደ አባቴ ዞራ፣ «ቀጠሮ አትስጣቸው» አለችው። አንዱ ሽማግሌ ተዋናዩን ክንዱን ይዞ በደረጃው አወረደው።

ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ሆምወርክሽን ሠራሽ ወይ አለችኝ። የስዋሂሊ ሆምወርክ እንደዚያን ቀን በደስታ ሠርቼ አላውቅም።