ትንሽ አሟታል

ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ድንጋይ አለች። ባለፈው ክረምት ከሞጣ የሚመጣውን መኪና የምጠብቀው እሷ ላይ ተቀምጬ ነበር። እህቴ ሞጣ ታማ ተኝታለች፤ ከእናቴ ልጆች የቀረነው እሷና እኔ ብቻ ነን። የስልክ መስመሩ ጠፍቷል። መንገዱም ሲለው ይከፈታል፣ ሲለው ይዘጋል። ልሂድ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እንግዲያ ከሚወርደው ሰው አፍ ወሬዋን ልስማ ብዬ ተጎለትኩ።

ባለባጃጆቹ ይቀልዱብኛል። «አባባ፣ መናኸሪያው ቀጠረዎት እንዴ?» ይለኛል አንዱ።

«አዎ፣ አንተን እንድጠብቅ» እለዋለሁ።

ሰው ማየት የጀመርኩት እዚያ ነው። በአገራችን ሞት በደረቁ አይነገርም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ማታ ከደረሰ ጎረቤት ቤት ያድራል፤ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ድንገት መንገድ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ስለሞተው ሰው «ትንሽ አሞታል» ይባላል። «በጣም አሞታል» ከተባለ ተስፋ አለ፤ በጣም የታመመ ሰው ገና አልሞተም። የሚገድለው «ትንሽ» ነው።

ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነው። ሙስሊሟን ጨርቅ ነጋዴ አየሁ፣ ቄሱን አየሁ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውን ሐኪም አየሁ። የነጋሪውን ፊት አያዩም፤ ዓይናቸው እግሩ ላይ ይወድቃል። ከዚያ «ብዙ ነው?» ይላሉ። ስንቱን በሽታ የሚያውቀው ሐኪም እንኳ ምን አሞት ነው አላለም። «ብዙ ነው?» ነው ያለው። ሰው የሚያውቀውን ለምን ይጠይቃል እያልኩ እታዘባቸው ነበር።

አንድ ማለዳ ከቤት ስወጣ ጎረቤቴ አጥሩ ሥር ቆሞ ብርድ ነው፣ ቆይ፣ አብረን እንወጣለን አለኝ። ቆይ የሚለኝን ሰው አልወድም። ጥዬው ሄድኩ።

ድንጋዬ ላይ ሆኜ መኪናው የሚመጣበትን አያለሁ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ» ሲለኝ ግን ድምፁ የመጣው ከኋላዬ፣ ከሰፈሬ በኩል ነው።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ደህና ናት። ትንሽ አሟት ነው።»

ዓይኔ ወረደ። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማታ ገብቶ ጎረቤቴ ቤት አድሯል ማለት ነው።

«ብዙ ነው?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ የነጋዴዋ ድምፅ ነው፣ የሐኪሙ ድምፅ ነው።

«አይ፣ አይደለም ጋሼ። ቤት እንግባ።»

አልነሳም አልኩ። እዚያች ድንጋይ ላይ እስካለሁ ድረስ ትንሽ እንዳመማት የምትቆይ መስሎኝ ይሆናል። ልጁም አልጎተተኝም፤ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መኪናው መጣና የሚጠብቀው ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ። ያ ባለባጃጅ ብቻ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። እግሬን ነበር የሚያየው።

የሰው ልጅ አንድ ነው ሲሉ ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ የሆንነው በዚች ብቻ ከሆነ ምን ይረባል?

ቤት ስንደርስ ደጄ በሰው ሞልቷል። ማንም አላለቀሰም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔ መኪናውን እንደምጠብቅ፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው እኔን ይጠብቃሉ። ሳያቸው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

ድንጋይዋ አሁንም አለች። ከሞጣ መኪና ይመጣል። የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።