«ይመስገን» ብዬ የሸፈንኩት ቁስል

መጀመሪያ ያየሁት እርጥበት ነው። በኦፕሬሽን ወልጄ ሌሞ ወረዳ ያለው ቤቴ ከገባሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም፤ ቀሚሴ ከሆዴ በታች ተጣብቆ አገኘሁት። የልጁ ሽንት ነው አልኩ። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ እሱንም ለድካም ሰጠሁት።

በነጋታው ከሆሳዕና፣ ከወለድኩበት ሆስፒታል ተደወለ። «እንዴት ነሽ? ቁስሉስ?» አለኝ አንድ ወጣት። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ምንም ሳይፈልግ ስለ ጤናዬ የሚጨነቅ እንግዳ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ስሜን ከነቁስሌ ለማን ሊሰጡት ነው? «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ደግሞስ ሌላ ምን ይባላል? በቅቤ የተሠራ የአራስ ምግብ፣ አተካና ይዞ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ይመስገን ነው መልሴ። አማቴ አንድ ቀን ስቃትት ሰምተው፣ «ጌታ ልጅ ሰጥቶሽ ታማርሪያለሽ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ባሰብኝ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ቁስሉ ሸተተ። ልጄን አቅፌ ማጥባት አቃተኝ። ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ሴት ናት፤ የዚያው ሆስፒታል ነርስ ነኝ አለች። አነጋገሯ የከምባታ፣ የአንጋጫ ሰው ይመስላል። ይመስገን ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ምስጋናው ለጌታ ይሁን፤ ለእኔ ቁስሉን ንገሪኝ። ልብስሽን ያረጥባል?»

«ምን አገባሽ? ማን ልኮሽ ነው?» አልኳት።

አልተቆጣችም። የአካባቢው ሆስፒታሎች ከኦፕሬሽን በኋላ የስንት ሴት ቁስል እንዳመረቀዘ ዳታቸውን አንድ ላይ አድርገው ያወዳድራሉ፤ ስም የለበትም፤ አንዱ ከሌላው እንዲማር ነው አለችኝ።

«ታዲያ የእኛ ከሁሉም ንጹህ ሆኖ ወጣ። ሌሎቹ ምን ብታደርጉ ነው ብለው ሊጠይቁን ነው። እኔ ግን ቁስል የማጥብ ሰው ነኝ፣ አላመንኩም። የተደወለላት ሁሉ ይመስገን ትላለች፤ እኛም ድናለች ብለን ቅጹን እንሞላለን።»

ወይ ጉድ! ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ! እንባዬ መጣ። «መግል አለው» አልኳት። «ይሸታል፣ ሲስተር።»

«አሁኑኑ ተነሺ። ባለቤትሽን አገናኚኝ።»

ባለቤቴ በጋሪ ወሰደኝ። መንገዱ አያልቅም። ሐኪሙ ገልጦ አየና፣ «ኢንፌክሽኑ ወደ ደምሽ እየገባ ነው። ብትዘገዪ ኖሮ አናተርፍሽም ነበር» አለ። ቁስሉን እንደገና ከፍተው አጠቡት። አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ሰጡኝ።

ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ወርዶ፣ ምግብ እየጣመኝ ሲመጣና ልጄን ጋደም ብዬም ቢሆን ማጥባት ስጀምር፣ ሲስተር ፋሻዬን እየቀየረች ወሬውን ታወራኝ ነበር። በስልክ የሚጠየቀውን ለውጠዋል፤ እንዴት ነሽ መባሉ ቀርቶ ይረጥባል ወይ፣ ይሸታል ወይ ነው የሚባለው። እውነቱ ሲገባ ቁስላቸው ያመረቀዘ ሴቶች ቁጥር ከፍ አለና አለቆቹን አስከፋ፤ ግን ከእነሱ የተሻለውን ሆስፒታል ጠይቀው፣ አንቲባዮቲኩን ሆድ ከመቅደዳቸው በፊት መስጠት እንደነበረባቸውና እነሱ እያዘገዩት እንደነበር ያወቁት በዚያ ነው። እኔ አሁንም ቁጥር ቶሎ አላምንም፤ በተለይ የሚያምር ቁጥር።

እናንተም እንደኔ በኦፕሬሽን የወለዳችሁ እህቶቼ፣ ሲደወልላችሁ ማን እንደሆነ፣ የምትናገሩት የት እንደሚደርስ ጠይቁ። መጠርጠር ነውር አይደለም። ቁስላችሁን ግን በምስጋና አትሸፍኑ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ሲስተር ደወለች። «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት፣ የእውነቴን።

እሷ ግን፣ «ገልጠሽ አይተሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ቀሚሴን ገልጬ በእጄ ዳሰስኩት። «ደረቅ ነው፣ ሲስተር። አሁንስ ይመስገን ልበል?»

«አሁን በይ» አለች፤ «እኔም አሜን እላለሁ።»