በነጠላ የተጠቀለለው ጊታር

ኮልፌ ውስጥ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የሚጠግነው ጉተማ ሱቅ የገባው ሰውዬ ኤሌክትሪክ ጊታሩን በሴት ነጠላ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል፤ ጺሙ ምላጭ ካየ ሰንብቷል። ጉተማ በሆዱ «አይ ሙዚቀኛ! በዚህ ዕድሜም ፋሽን አይቀር!» አለ።

«አንዱ ክር ተበጥሶ ነው፤ ቀይርልኝ» አለ ሰውዬው።

«አምፕሊፋየር አለዎት ጋሼ?»

«የለኝም። አልፈልግምም።»

«እንግዲያው በቦክስ ጊታር ይለውጡት። ይሄ ድፍን እንጨት ነው፤ ማግኔቱ የክሩን ንዝረት ለአምፕሊፋየር ካላቀበለ ድምፁ የትም አይደርስ። ቦክሱ ግን ሆዱ ባዶ ስለሆነ ራሱ ይጮሃል።»

«እሱማ ለጎረቤት ያሳብቃል።»

ጉተማ ሳቀ። ክሩን ቀይሮ፣ እንደ ልማዱ ሳያስፈቅድ አምፕሊፋየር ላይ ሰካና መታው። ድምፁ እስከ ታክሲው ፌርማታ ተሰማ። በደጅ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው የሰውዬውን ጥቁር ልብስ፣ ከዚያም ጊታሩን አዩ። ሰውዬው ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ አቀረቀረ።

«ንቀለው በናትህ። የባለቤቴ አርባ ገና አልወጣም።»

ጉተማ ነቀለው። «ነፍስ ይማር» አለ፣ አምፕሊፋየሩን እያጠፋ።

ሰውዬው ጉንጩን እንጨቱ ላይ ለጥፎ አዲሱን ክር ነካ አደረገ። ጉተማ ምንም አልሰማም።

«እንዲህ ሲሆን በአጥንት ይገባል» አለ ሰውዬው፣ ቀና ሳይል። «እሷ ደግሞ በዚያኛው በኩል ጆሮዋን ትለጥፍ ነበር።»

ከዚያም መልሶ በነጠላዋ ጠቀለለው።