ነፋስ የከለከልኩት እግር

ከሸማ ተራ ሱቄ ሲወስዱኝ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነጠላ ብቻ አብሮኝ ገባ። ከምሸጠው ጋቢ እጥፋት ውስጥ የተማሪዎች የተቃውሞ ወረቀት አግኝተው ነው። ማን እንዳስቀመጠው አልተናገርኩም።

ክፍሏ ከገበያው ጀርባ ባለ ጣቢያ ውስጥ ነበረች፤ መስኮቷ መዳፍ አታህልም። የበርበሬ ሽታና የተሸካሚዎች ጩኸት ግን ሳይፈተሹ ይገቡ ነበር። ውስጥ አንዲት ሽሮ ነጋዴ ሴትዮ አገኘሁ፤ እትዬ አልኳቸው። ተማሪ ደብቀዋል ተብለው ከጓሯቸው ሲጎተቱ፣ በረት ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የዛገ ምስማር ውስጥ እግራቸውን ወግቷቸዋል። ነጠላዬን ለሁለት ቀደድኩና በግማሹ እስከ ቁርጭምጭሚት ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላቸው። ቁስል ነፋስ እንዳያገኘው ነዋ! «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። በማግስቱ ሲያቃስቱ የላላ መስሎኝ ደግሜ አጠበቅኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት እንደኛ የታሰረች የሆስፒታል ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ፣ አስገቡብን። ገና ሳትቀመጥ አነፈነፈች፤ ጣፋጭ የሚመስል ክፉ ሽታ ነበር። እስሩን ፈታችው። የምስማሩ ቀዳዳ ከቁብ አይቆጠርም፤ እግሩ ግን እስከ ባት አብጦ ነሐስ መስሏል፣ ጥቁር ውሃም ቋጥሯል። እጄን ወስዳ ባታቸው ላይ አሳረፈችው።

«ጫን በይ።»

ከቆዳው ሥር አዲስ ሸማ በጣት ሲታሽ እንደሚለው ተንኮሻኮሸ። ጨርቅ ስዳብስ ነው ያደግኩት፤ ሥጋ እንዲህ አይልም።

«አየር ነው፣ ጀርሙ የሚያወጣው። የሚመቸው ነፋስ የማይገባበት ቦታ ነው» አለች። እስሩን አየሁ። እሷም አየችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «የሞተው ሥጋ ዛሬ በሐኪም ካልተቆረጠ፣ ፔኒሲሊንም ካልተወጉ፣ አያድሩም።»

በሩን ደበደብኩ። አስር አለቃው መጣ።

«ቁስል አይደል? አለቃ ሰኞ ሲመጣ ይታያል።»

«እጅዎን ብቻ ያውሱኝ።»

«ደግሞ ጥንቆላ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀ። ግን ገብቶ ጎንበስ አለ፤ ባታቸውን ዳበሰ። ሳቁ ቆመ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ወጣ። ወዲያው በር ላይ እሱ የጠራት ታክሲ፣ ትንሿ ሰይቼንቶ፣ ጥሩምባዋን ስትነፋ ሰማን።

እትዬ አልነሣም አሉ። «ራሴን ሳልሸፍን በገበያዬ መሀል? ደንበኞቼ ምን ይሉኛል?»

«እየሞቱ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«ሬሳስ ይሸፈን የለ?»

ሌሊት የምለብሳት ግማሽ ነጠላ ቀርታኝ ነበር። ራሳቸው ላይ ጣል አድርጌ ጥለቷን በግንባራቸው አስተካከልኩ። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በድሬሰሯና በአስር አለቃው ትከሻ ወጡ።

ከተፈታሁ በኋላ አንድ ቀን በክራንች ሱቄ መጡ። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ግማሽ ነጠላዬን አጥበው፣ ጠርዟን ሰፍተው አመጡልኝ።

«እትዬ፣ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሰው በሚጎትተኝ ሰሞን እግሬን አቅፈሽ ያሰርሽውም አንቺ ነሽ። በይ፣ መቀመጫ አምጪ።»

ዛሬም ለደንበኛ ጥቅል ሳስር ገመዱን አላጠብቀውም። ልጆቼ «ይፈታል እኮ፣ እማዬ» ይሉኛል።

ይፈታ፣ እላቸዋለሁ።