የደበዘዘው ነጥብ

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «ወልዋይዋ» ናት። ሌንስ ካየች እጇ አያርፍም። የሻይ ቤቱን መስታወት ሳትወለውል ሻይ አይወርድላትም ብለው ያሟታል፤ ሐሜቱም ከእውነት ብዙ አይርቅም። ሥራዋ አሮጌ ሕንፃዎች መዝመም አለመዝመማቸውን የሚለኩ መሣሪያዎችን መግጠም ነው። ጥርት ያለ ነገር ነፍሷ ነው፤ ብዥ ያለ ነገር ደግሞ ደሟን ያፈላዋል።

ያን ሰሞን መሣሪያዋን የገጠመችው ግን ባዕድ ቤት ላይ አልነበረም። አባቷ የሚኖሩበት ፎቅ ግድግዳ ላይ ነው። የአባቷ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። መንገድ ላይ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ፤ እዚያ ፎቅ ውስጥ ግን ደረጃውን ሮጠው ሊወርዱት ምንም አይቀራቸውም፣ ጎረቤቱን በኮቴው እየለዩ ይቀልዱበታል። ከዚያ ቤት እሳቸውን ማውጣት ዓይናቸውን ሁለተኛ ማጥፋት ነው። ይህን ደግሞ ልጃቸው ከማንም በላይ ታውቃለች።

የመሣሪያው ነገር እንዲህ ነው። ግቢው ውስጥ ጠንካራ መሬት ላይ ከተተከለ ምሰሶ ሌዘር ያበራል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ብርሃን የሚቀበሉ ጥቃቅን ዓይኖች በሰልፍ የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የብርሃኑ ነጥብ ከአንዱ ዓይን ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ኮምፒውተሩም የትኛው ዓይን እንደበራ አይቶ ቁጥር ይጽፋል። ወልዋይዋ እንደ ልማዷ የሌዘሩን ሌንስ አጥርታ ነጥቡን የመርፌ ጫፍ አሳከለችው። በሥራዋም ኮራች።

ቁጥሩ ግን አስደነገጠ። ዝም ብሎ ይከርምና በድንገት ይዘላል፤ ደግሞ ጸጥ፣ ደግሞ ዝላይ። የከተማው መሐንዲስ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እህቴ፣ ቀስ እያለ የሚዘም ግድግዳ ይደገፋል። እንዲህ የሚዘል ግን አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል» አላት። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ነገር ካላየሁ ነዋሪው ይውጣ ብዬ እጽፋለሁ።»

እውነቱን ነው። ሌንሱን እንደገና ወለወለችው። ዝላዩ እንዳለ ነው።

በማግስቱ አባቷ ዘንድ ሄዳ መሐንዲሱ ያለውን ነገረቻቸው። ከዚያ ቤት ስታጸዳ ጠረጴዛውን ትንሽ ገፋ አደረገችው። አባቷ ብርጭቋቸውን ሊያስቀምጡ መጡና መዳፋቸውን ዘርግተው ጠርዙ ላይ አሳረፉ።

«ማነው ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ ያስጠጋው? ያውም አጣመሽዋል!»

«እንዴት አወቁ አባባ? ነካ ነው እኮ ያደረግኩት።»

«በጣቴ ጫፍ ብነካው ጠረጴዛ መኖሩን ብቻ ነው የማውቀው። መዳፌን ስጥልበት ግን ግማሹ እንጨት ያገኛል፣ ግማሹ አየር። ከዚያ ወዲያ ጠርዙን ለማወቅ ምን ዓይን ያስፈልጋል?»

ወልዋይዋ መወልወያውን እንደያዘች ቀረች። የእሷ ነጥብ የጣት ጫፍ ነው! አንድ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሲያድር፣ ዳር ይሁን መሐል፣ ኮምፒውተሩ ያው አንዱን ቁጥር ነው የሚጽፈው። ድንበሩን የፀጉር ያህል ሲያልፍ ደግሞ ቁጥሩ ይዘላል እንጂ ግድግዳው አልዘለለም ይሆናል። ብርሃኑ ብዙ ዓይኖች ላይ ቢፈስስ እያንዳንዱ የደረሰውን ይናገራል፣ ከድርሻቸውም የነጥቡ መሐል በትክክል ይገኛል። ለካ ነገሩን ያበላሸችው እሷው ናት፣ በጥራት ብዛት።

ሄዳ ሌንሱን ወደ ኋላ አዞረችው። ነጥቡ እየሰፋ፣ እየደበዘዘ ሲሄድ ጥርሷን ነክሳ ነው ያየችው።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለ ግድግዳውን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ፣ የደበዘዘውን ነጥብ እያየ።

«አትሳቅብኝ። ስሌቱንም ለውጬዋለሁ።»

አባቷ ያሉበት ቤት ነውና ራሷን አላመነችም። ሰሌዳውን በቀጭን ብሎን እሱ እንዲያንቀሳቅሰው፣ ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰውም እንዳይነግራት ለመነችው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ከኮምፒውተሩ ቁጥሩን አነበበች። ገጠመ። ደገሙት፤ አሁንም ገጠመ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። መሣሪያው አሁን እውነቱን ይናገራል፤ እውነቱ ግን ያው «ይውጡ» ቢሆንስ?

ዝላይ ጠፋ። ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቀው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይላል፣ ሲመሽ ቀዝቀዝ ሲል ይመለሳል። ሳይመለስ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

«ሥሩ ይደገፍ» አለ መሐንዲሱ በመጨረሻ፣ ትከሻዋን መታ አድርጎ። «ሰው ይኑርበት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩን ከፍታ ስትገባ አንድ አሮጌ ሻንጣ ከበሩ ኋላ በገመድ ተጠፍንጎ ቆሟል።

«አባባ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«መቼ አሰሩት?»

«መሐንዲሱ ይውጡ ሊል ነው ያልሽኝ ዕለት» አሉ አባቷ። «አባቴ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው ብለሽ ቁጥሩን አባብለሽ እንዳታሳንሺው ፈራሁ። ላይ ቤት ሕፃናት አሉ። አባቴ ተዘጋጅቷል ብትዪ ይቀልሻል ብዬ ነበር… ልነግርሽ ስል ደግሞ አፌን ያዘኝ።»

«አይወጡም አባባ። ማንም አይወጣም።»

እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ገመዱን ልትፈታ ታገለች፤ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላት። እሳቸው ጎንበስ ብለው እጇን ገፋ አደረጉና ራሳቸው ፈቱት።